ፈረሱን ራሱን ትገዢዋለሽ

ልጄ ናዝሬት ሰባት ዓመት ሲሞላት አክሲዮን ገዛሁላት። እናቷ በለጡ «ደግሞ ልጅ በወረቀት ይጫወታል?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ግትር ነኝ። ድርጅቱን ከመምረጤ በፊት ናዝሬትን ይዤ ሦስት ቅዳሜ የዱቄት ፋብሪካው በር ላይ ቆሜአለሁ። ጭነው የሚወጡትን መኪናዎች እሷ ትቆጥራለች፤ እኔ ደመወዝ በወቅቱ ይከፈል እንደሆነ ዘበኛውን እጠይቃለሁ። «ወሬ አይገዛም፤ የሚገዛው ሥራ ነው» አልኳት። እንደ ዳዊት ደገመችው።

ችግሩ ፈረስ ነበር። እንጦጦ ራጉኤልን ልንሳለም ስንወጣ ልጆች እየከፈሉ የሚቀመጡባቸው ፈረሶች መንገድ ዳር ይቆማሉ። ናዝሬት ዐይኗ ፍሮምሳ የሚባል ሰው ዳማ ፈረስ ላይ ቀረ።

«አባዬ፣ አንድ ዙር ብቻ!»

«የአንድ ዙሩን ብር አክሲዮኑ ላይ እንጨምረዋለን። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላሽ ፈረሱን ራሱን ትገዢዋለሽ።»

ጥቂት አሰበች። «እስከዚያ አይሞትም?»

«ፈረስ ብዙ ይኖራል» አልኳት። ሁለታችንም የተጨነቅነው ለፈረሱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልለመነችኝም። በወጣን ቁጥር የፈረሱን አንገት ዳበስ አድርጋ ትመለሳለች። እኔ ሞኙ ኮራሁ! መሥሪያ ቤት ላገኘሁት ሁሉ «የእኔ ልጅ መታገሥ ታውቃለች» እያልኩ አወራሁ።

ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ማጅራት ገትር በሦስት ቀን ወሰደብኝ። የካ ሚካኤል ቀበርናት። መሞቷን ለድርጅቱ መንገር አቃተኝና አክሲዮኑ በስሟ ቀረ። በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ደብዳቤ ይመጣል፤ ሳልከፍት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። እስከ አምና ፖስታው ላይ «ለሕፃን ናዝሬት ከበበ» ይሉ ነበር። ዘንድሮ «ለወይዘሪት ናዝሬት ከበበ» ብለው ላኩ። ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል።

ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ እንጦጦ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልረገጥኩት መንገድ ነው። ፍሮምሳ ጢሙ ሸብቶ እዚያው ቆሟል፤ ዳማውም አርጅቶ ከጎኑ አለ። ሰውየው ወዲያው ለየኝ።

«ጋሼ! ጠፉ እኮ! ያቺ ልጅ የት ደረሰች? መቼም አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች።»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ጨበጥ አደረግኩ።

«አይ እሷ!» ብሎ ሳቀ። «አንድ ቀን እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳሉ ‹ነይ በነጻ ላስቀምጥሽ› አልኳት። ደስ ብሏት እግሯን እርካቡ ላይ አደረገች። ከዚያ መልሳ አወረደችው። ‹አባዬ ጠብቂ ብሎኛል› አለችኝ።»

እሷ ትዳብሰው የነበረውን አንገት ይዤ ቆምኩ። ልጄን አንድ ዙር ነፍጌያታለሁ፤ አንድ ዙር! እሱንም ሰው በነጻ ሲሰጣት ከእጇ ያስጣልኳት እኔ ነኝ።

«ስንት ነው አንድ ዙር?» አልኩት፣ እንባዬን መግታት አቅቶኝ።

ፍሮምሳ ደንግጦ ኋላዬን ተመለከተ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

«ማንን ላስቀምጥ፣ ጋሼ?»