የመጋዙ ሽቦ

አናጢውን ጎረቤቴን ሰፈርተኛው «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። አንዴ የሠራልኝን ጠረጴዛ፣ አንዱ እግሩ በጥፍር ውፍረት አጥሯል ብሎ ተሸክሞት ሲሄድ ምሳዬን ቆሜ ጨርሻለሁ። አሁን ያ ሰው ቀኝ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ይውላል። መጋዙ ጣቶቹን ከወሰደበት ወዲህ ቀልዴም አያስቀውም።

ሁለት ልብ ያደረገው ነገር ይሄ ነው። አሠሪዎቹ አነስ ያለች ካሳ ይዘው «ፈርምና ነገሩ ይዘጋ» ብለውታል። ከፈረመ፣ ነገ እጁ ቢብስበት እንኳ ዳግም መጠየቅ የለም። ካልፈረመ ፍርድ ቤት ነው፤ ከረታ ዕድሜ ልኩን የሚጦረው ያገኛል፣ ከተረታ ያቺም ትቀራለች።

ክርክሩ ደግሞ በአንዲት ሽቦ ላይ ነው የቆመው። መጋዙ እጅ እንዳይበላ መከለያ አለው። መከለያው ሰፊ ጣውላ አላሳልፍ ስለሚል፣ በካቦው ትእዛዝ ወደ ላይ በሽቦ አስረውት ነው የሚሠሩት። ፋይል የያዘ እንግዳ በር ላይ ብቅ ሲል ግን ቅርብ ያለው ሮጦ ሽቦውን ይፈታል። ልማዳቸው ነው። የዚያን ዕለትም የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው ፎቶ ሊያነሣ ሲመጣ፣ ደሙ ገና ሳይደርቅ፣ እዚያው አብሮት የሚሠራው የጎረቤቴ ሚስት ወንድም ሮጦ ፈታው። ፎቶው ላይ መከለያው ጨዋ ሆኖ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ጥፋቱም የሚሊሜትር ሆኖ ቀረ።

የሚሊሜትር ጠበቃ የአሠሪዎቹን የካሳ ወረቀት ይዞ የመጣ ጧት እኔም ለወጉ ተጠርቼ ነበር። ጠበቃ ሲያብራራ ነገሩ ይብስ ይጨልማል፤ የገባኝ ግን አንድ ነው፤ ሽቦ ነበር ብሎ የሚመሰክር ከሌለ መከራከሩ ከንቱ ድካም ነው። አማችየው ጥግ ላይ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። እህቱ አንዱን የሸሚዝ ኮሌታ ደጋግማ ትተኩሳለች፤ ወደ ባሏም ወደ ወንድሟም አታይም።

«ጋሼ፣ እመሰክራለሁ» አለ አማችየው በመጨረሻ። «የፈታሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ከዚያስ?» አለ ሚሊሜትር።

«ከዚያማ ያባርሩኛል።»

ጠበቃው መባረር ብቻ እንዳልሆነ፣ ማስረጃ አጠፋህ ተብሎ ሊጠየቅም እንደሚችል ነገረው። ልጁ ግን ቃሉን አላጠፈም።

ሚሊሜትር ወደ አማቹ ዞረ። «ግን ለምን ፈታኸው?»

«እኔ እንጃ። ፋይል የያዘ ሰው አየሁ፣ እጄ ሮጠ።»

«ያስለመድኩህ እኔ አይደለሁ?» አለና ለጠበቃው ግራ እጁን ዘረጋ። «እስኪ ወረቀቱን አምጣው።»

ካውያው ቆመ። በግራ እጁ ፈረመ። ፊርማው የሰከረ ሰው መንገድ መሰለ። ራቅ አድርጎ አየውና «ጠማማ ነው፣ ሌላ ወረቀት የለህም?» አለ። ጠበቃው ይሠራል ብሎ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

አማችየው ፈረቃው ደርሶበት ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ሚሊሜትር ጠራው።

«ከእንግዲህ መከለያውን እንዳታስረው።»

ልጁ የበሩን እጀታ ያዘ።

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ ሰፊ ጣውላ ገብቷል» አለና ወጣ።