ግማሽ ሆዱን የሚያድር ባትሪ

ልብስ ሰፊዋ ጎደሎ ዕቃ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጀሪካኑ እስከ አፉ፣ ፔርሙዙ እስከ ክዳኑ፣ የጨው ዕቃው እስኪተርፍ ድረስ ነው። ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን በሚጠፋበት ሰፈር ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ምን ታድርግ? እንግዳ ሆናችሁ ብትሄዱ፣ ሻያችሁን ሁለቴ ፉት ሳትሉ ትደግምላችኋለች። በቃኝ ብላችሁ ብርጭቆውን በእጃችሁ ብትከድኑ በጣታችሁ መሀል ታንቆረቁረዋለች። ማይክሮፎን እንዲህ ተቃጥላ ለሳምንት ጣቷን ጠቅልላ ዞራለች። ማይክሮፎን ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ለምን እንደወጣላት መቼም አልነግራችሁም።

የልብስ ሰፊዋ ባል የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዛሬም "ሾፌሩ" ነው የሚሉት። ሌላው ጡረተኛ ደጃፉ ላይ ተጎልቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያማ፣ እሱ ከፎም አውሮፕላን መሥራት ያዘ። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፤ ክንፉ ሜትር ከግማሽ ነው። አፍንጫው ላይ በባትሪ የሚዞር ሞተር አለው፣ እሱን መሬት ላይ ቆመው በሪሞት ያበሩታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ካለው ሜዳ ከፀጉር ቆራጩ ጋር ሲያበር ውሎ፣ አንገቱ ተጠብሶ እየሳቀ ይገባ ነበር።

ሦስተኛውን አውሮፕላን፣ ነጭና ቀዩን፣ ሠርቶ እንደጨረሰ ስትሮክ መታው። አንድ ቀን እንኳን አላበረረውም። ቀኝ እጁ ሰነፈ፣ ቀኝ እግሩ ተጎተተ። ሐኪሙ፣ "ይራመድ፤ ካልተራመደ ያለችውም ጉልበት ትሄዳለች" አለ። እሱ ግን መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ በቃ ተቀመጠ። አሥራ አራት ወር! ፀጉር ቆራጩ ሦስት ጊዜ ሊጠይቀው መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረበት። አውሮፕላኑም ከስፌት ማሽኑ በላይ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ልብስ ሰፊዋ ብድግ ባለች ቁጥር አናቷን ይነካል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ትዕግሥቷ አለቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ እስከ አጥሩ በር እንኳን አትወጣም?"

ሾፌሩ ቀና ብሎ አውሮፕላኑን አየ። "እሱን ያበረርሽው ቀን እወጣለሁ።"

ሊዘጋት ነው እንዲህ ያለው። ቴሌቪዥን መክፈት የምትፈራ ሴት!

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ከመርፌ ትራሷ ላይ አንድ ስፒል ነቅላ ኮሌታዋ ላይ ሰካች። ስፒል ኮሌታዋ ላይ ከሰካች ያንን ነገር ሳትጨርስ አትነቅለውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ምስጢር ልንገራችሁ። ባሏ ከታመመ ጀምሮ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ እሱ ሲተኛ ጠብቃ የአውሮፕላኑን ሦስት ባትሪዎች ቻርጀሩ ላይ ትሰካ ነበር። ቻርጀሩ "ጢጥ" ብሎ ሞላ እስኪላት ትጠብቅና መልሳ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ትከታቸዋለች። የተነሣ ቀን ሁሉም ነገር ሙሉ ሆኖ ይጠብቀው ብላ ነው። ስልሳ ቅዳሜ! አንዱንም አልዘለለችም። ሰሞኑን ግን ሣጥኑ አልገጥም እያለ ያስቸግራት ጀምሮ ነበር፤ በጉልበቷ ተጭና ትዘጋዋለች።

ያን ሰኞ ብርሃን ላይ አውጥታ ስታያቸው ክው አለች። እንደ ሊጥ ኩፍ ብለዋል። አንዱን በፎጣ ጠቀለለችና፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ፀጉር ቤቱ ከነፈች።

ፀጉር ቆራጩ የአንድ ሰውዬን ጺም ግማሹን ላጭቶ ግማሹ ቀርቶት ነበር። ፎጣውን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ወደ ኋላ ዘለለ።

"እትዬ! እሳት እኮ ነው በቦርሳ ይዘው የገቡት!"

"ባትሪ ነው እንጂ ምን እሳት ነው?"

"ያበጠ ባትሪ እሳት ነው! ትንሽ ቢነካ ይቀጣጠላል!" በመቆንጠጫ ይዞ እያለከለከ ወደ ጓሮ ሮጠና አሸዋ ባልዲ ውስጥ ቀበረው። ግማሽ ጺም ያለው ሰውዬም አረፋውን እንደተቀባ ተከትሎ ወጣ፤ ነገሩ እንዲያመልጠው አልፈለገም።

"ሞልቶ ነው የተቀመጠው አይደል?" አለ ፀጉር ቆራጩ።

"ታዲያ ባዶ ይቀመጥ?"

"ባዶም አይወድ፣ ሙሉም አይወድ። የሚሞላው በሚበርበት ቀን ጠዋት ነው። እንዲሁ ቁጭ የሚል ከሆነ ግማሽ ሆዱን ነው የሚያድረው። ሙሉውን ካስቀመጡት ውስጡ ይበሰብስና ይነፋል። ለመሆኑ ማነው የሞላቸው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ግማሽ ጺም ባለው ሰውዬ ላይ ተክላ።

ፀጉር ቆራጩ የቀሩትንም ሁለቱን ራሱ መጥቶ በአሸዋ ሊያወጣላት ቃል ገባ፤ ከራሱም አንድ ደህና ባትሪ ሰጣት። የአውሮፕላኑ ፕሮፔለር፣ አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ፣ ጫፉ ተሸርፏል ብትለው፣ "አሥር ኢንች ነው የሱ፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይውሰዱ" ብሎ ወደ ጺሙ ተመለሰ። እሷ ግን መደርደሪያው ላይ አሥራ ሦስቱን አየች። ትልቅ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ትልቅ ማራገቢያ ብዙ ነፋስ ነው አለችና እሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አመሏ ነዋ!

ማግስቱን አውሮፕላኑን አውርዳ፣ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋር በመቀነት ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ባትሪውን ሰካች። ከኋላ ቆማ ሪሞቱን ገፋ ስታደርገው ቤቱ ውስጥ ማዕበል ተነሣ። ቁርጥራጭ ጨርቁ ሁሉ ጣሪያ ነካ። ደስ ብሏት ጨመረችበት። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽታ መጣ። ይህን ሽታ ታውቀዋለች፤ የስፌት ማሽኗ ሞተር የተቃጠለ ጊዜ እንዲህ ሸቷት ነበር።

"ንቀዪው! ባትሪውን ንቀዪው አንቺ ሴትዮ!"

ዘወር አለች። ሾፌሩ ነው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ መስኮቱን በግራ እጁ ይዞ ቆሟል። በአሥራ አራት ወር ውስጥ እንዲህ ጮሆ አያውቅም።

ነቀለችው። የፍጥነት መቆጣጠሪያዋ፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ ኃይል የምታቀብለው ትንሿ ዕቃ፣ እንደ ካውያ ግላለች።

"ምንድነው የሰካሽበት?"

"አሥራ ሦስት። ያማረ ነው ብዬ።"

"ያማረ!" አላት። "ይሄ ሞተር ፈጣን ነው፤ ትንሽ ፕሮፔለር ነው ቶሎ ቶሎ የሚያዞረው። ትልቁን ስትሰጪው፣ ሰው ጢም ያለበትን አውቶቡስ በአምስተኛ ማርሽ ዳገት አውጣ እንደማለት ነው። እየተናነቀ ኃይል ይስባል፣ ይስባል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል! የኤሌክትሪክ መለኪያዋን ከመሳቢያው አምጪ።"

መለኪያዋን ባትሪውና መቆጣጠሪያዋ መሀል ሰኩ። በትልቁ ፕሮፔለር ለዓይን ጥቅሻ ያህል ሲሞክሩት አርባ አንድ አምፔር አለ። መቆጣጠሪያዋ የምትችለው ሠላሳ ነው። አሥሩን ከፀጉር ቤቱ አስመጥቶ ሲያስገጥማት ሃያ ሦስት ላይ ቆመ። ሾፌሩ ነካ ነካ አድርጎ ሞተሩን ዳሰሰው። "ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። እንዲህ ነው የሚፈለገው" አለና ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

ልብስ ሰፊዋ ግን የምትፈልገውን አግኝታለች። ስትሳሳት ይናገራል! ስትሳሳት ይነሣል!

ከዚያ ወዲያ የሠራችው ስህተት መቼም አይጣል ነው። ፕሮፔለሩን ጀርባውን ወደፊት አድርጋ ገጠመችው። "ጽሑፉ ወደፊት ይታያል አላልኩሽም?" ብሎ መጣ። የሞተሩን ሦስት ሽቦዎች አዛብታ ሞተሩ በግልባጩ እንዲዞር አደረገች። "ሁለቱን ብቻ አቀያይሪያቸው፣ በቃ ይስተካከላል!" ብሎ መጣ። ባትሪውን አፍንጫው ሥር መሆን ሲገባው ጭራው ጋ አሰረችው። "ቂጡ ከብዶት ሊወድቅ ነው እኮ!" ብሎ መጣ፤ እየሳቀ መጣ።

ሌላ ተንኮልም ነበራት። ከጠረጴዛው እግሮች ሥር ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ፣ በየቀኑ ምሳ በልቶ ሸለብ ሲያደርገው አንድ ስንዝር ወደ በሩ ትገፋዋለች። ሰኞ ከወንበሩ ሦስት እርምጃ የነበረው በሳምንቱ ስድስት ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ጠረጴዛው ደፉ ጋ ደርሶ፣ ሾፌሩ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ እየተራመደ ነው የሚሰድባት።

መሀል ላይ ማይክሮፎን አለች። ልብስ ሰፊዋ ስለ ሽቦውና ስለ ባትሪው ልትጠይቅ በቀን ሁለቴ ፀጉር ቤት መመላለሷን ቆጥራለች። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ገበያ በሄደችበት መጥታ የሾፌሩ መስኮት ላይ ተደገፈች።

"ጎረቤቴ፣ ለክፉ አይደለም፤ ሚስትህ ፀጉሯ ሳያጥር በየቀኑ ፀጉር ቤት ምን ትሠራለች? ደግሞ ኮሌታዋ ላይ ስፒል ሰክታለች፤ የወርቅ ነው አሉ።"

ሾፌሩ ምሽቱን ሻይ ሲጠጡ አነሣባት።

"ፀጉር ቆራጩን ወዳጅ ይዘሻል አሉ።"

"በስልሳ ሁለት ዓመቴ? እግዜር ይስጣቸው፣ ዕድሜዬን ቀነሱልኝ!"

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። እውነቱን መናገር ነበረባት። ሣጥኑን፣ ቅዳሜውን፣ ስልሳውን ቅዳሜ ሁሉ ነገረችው። "ስትነሣ ሙሉ ሆነው ይጠብቁህ ብዬ ነው። ሦስቱንም በእጄ ገደልኳቸው" አለች።

ሾፌሩ ብርጭቆውን እንደያዘ አያት። ቆይቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደነገጠች፤ ሕመሙ የተነሣበት መሰላት። ሳቅ ነው! እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"ስልሳ ቅዳሜ? በጉልበትሽ ተጭነሽ?"

"በጉልበቴ።"

እንባውን ጠረገና ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሷም እንደ ልማዷ እጇ ወደ ፔርሙዙ ሄደ። በግራ እጁ ያዛት።

"ግማሽ ላይ ተይልኝ። የቀረውን ራሴ ልቅዳ።"

ቀዳ። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሷ ጨርቅ ላለማንሣት እጇ ላይ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ባትሪውን እስከ አፉ ሞላችው፤ የሚበርበት ቀን ነዋ፣ እንደ ልቧ! አውሮፕላኑን አቅፋ ደፉ ላይ ቆመች።

"በል እኔ ሄድኩ። አንተ እዚሁ ጠብቅ፣ በረረ ብዬ እመጣለሁ።"

"መብረሩን በምን አውቃለሁ?"

"ወዳጄ ይመሰክርልኛል።"

ሾፌሩ ክዘራውን አነሣ። "ልትሰባብሪው ነው፤ አውቅሻለሁ። ቀስ በይ፣ ክንፉ በሩን እንዳይነካ" እያለ ከኋላዋ ወጣ።

ለጤነኛ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው፤ እነሱ ሦስት ቦታ አርፈው ግማሽ ሰዓት ፈጁ። ማይክሮፎን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች አፏን ከፍታ ቀረች። ሜዳው ላይ ፀጉር ቆራጩ ሲያያቸው "ጋሼ!" ብሎ ጮኸና ኮፍያውን አወለቀ።

ሾፌሩ ሪሞቱን ያዘና ቀኝ እጁን አየው። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ፊቱ መጥቆር ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ይሄንን ፊት አሥራ አራት ወር አይታዋለች።

"በግራው በኩል ያለችው ዘንግ ምንድናት?" አለችው፣ የማታውቅ መስላ።

"የሞተሩ ኃይል።"

"እሷን አንተ ያዝ። ቀኟንስ?"

"መሪ ናት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን። ግን በኃይል አይገፏትም፣ እንደ..." ቀና ብሎ አያት። "ሐር ስትሰፊ ጨርቁን እንደምትመሪው ነው።"

ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። አንድ ሪሞት፣ ሁለት እጅ። ፀጉር ቆራጩ አውሮፕላኑን ይዞ ሮጠና ወረወረው። ወደ ታች ዘመመ። "ወደ አንቺ ሳቢ! በቀስታ!" አለ፤ እሱም ኃይል ጨመረ። ነጭና ቀዩ ሣሩን ላጥ አድርጎ ወደ ላይ ተነሣ። የጡብ ፋብሪካውን ጭስ ማውጫ አለፈ። አንዴ አዞሩት። ሁለቴ አዞሩት። በሦስተኛው፣ ባትሪው ላይ የታሰረችው፣ ኃይል ሲያልቅ የምትጮኸው ማስጠንቀቂያ "ጢጥ ጢጥ" ስትል ሾፌሩ ኃይሉን ቀነሰ፤ አውሮፕላኑም ሣሩ ላይ በሆዱ ተንሸራትቶ ቆመ። ፕሮፔለሩ ተሰበረ። አሥር ኢንቹ።

"አበረርኩት!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ግማሹን" አለ ሾፌሩ።

ቤት ሲገቡ ባትሪውን ሰካች፤ ቻርጀሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ እጇ እየበላት ነቀለችው። ከኮሌታዋም ስፒሉን ነቅላ መርፌ ትራሱ ላይ መለሰችው። ሾፌሩ ጫማውን ሳያወልቅ ደፉ ጋ የቆመውን ጠረጴዛ ተደገፈ።

"ይሄን ጠረጴዛ በየቀኑ ስትገፊው ተኝቼ መሰለሽ?"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። "ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"የት ልታደርሽው እንደሆነ ልይ ብዬ። አሁን በሩ ላይ አለቀልሽ፤ ነገ ወዴት ልትገፊው ነው?"

ወደ ግቢው አየች፣ ከግቢው ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ አንሶላዋን እስካሁን ያላሰጣችውን ማይክሮፎንን።

"ወደ ውጭ ነዋ" አለች። "ያዝ በዚህ በኩል።"

በግራ እጁ ያዘ።