አምስተኛዋ ድንቢጥ

በዚህ ጉዳይ ለሒሳብ የቀረበው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድንቢጥና አንዲት ልጅ ነበር። ድንቢጦቹ የእኔ ነበሩ። ልጅቱም የእኔ ናት፤ እሷ ግን አንድም ድንቢጥ አልነበራትም።

ድንቢጦቹ የመጡት ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዋዜማው እሑድ ሆሳዕና ከተማ በሚገኘው ጸሎት ቤታችን አዳራሽ የአራት ሳምንት ትምህርት ተጀምሮ ነበር። ርእሱ የውስጥ ቁስል ፈውስ ይባላል። የምታስተምረው ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርታ በጡረታ የወጣችው እህት ገነት ናት። ስለ ሰው ዋጋ ስታስረዳ ጌታ ድንቢጦችን ምሳሌ ማድረጉን አነሣች። በአንዱ ወንጌል ሁለት ድንቢጥ በአምስት ሳንቲም፣ በሌላው አምስት ድንቢጥ በአሥር ሳንቲም እንደሚሸጥ ነገረችን። የራስ ጸጉራችን እንኳ ሁሉ የተቆጠረ ነው፤ እኛ ከብዙ ድንቢጦች እንበልጣለን አለች።

እጄን አወጣሁ።

«ብዙ ማለት ስንት ነው?»

«ጋሽ ላምቦሬ፣ ቁጥሩ አልተጻፈም።»

«እሺ። ሌላው ሒሳብ ግን ተጽፏል። ሁለቱ በአምስት ከሆኑ አራቱ በአሥር ናቸው። አምስተኛዋ የተከፈለባት የለም። ምራቂ ናት።»

አርባ አራት ዓመት እህል ነግጃለሁ። የጀመርኩት በሁለት ቁና በቆሎ ነው። አራት ቁና ለገዛ ሰው አንድ እፍኝ ከላይ ይጨመርለታል፤ ያቺ እፍኝ ዋጋ ውስጥ አትገባም። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወደተቀመጠችው ልጄ ወደ ድንቅነሽ ጠቆምኩ።

«እንደ እኔዋ ምራቂ» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ድንቅነሽም ሳቀች። አራት ልጅ አስበን፣ ለአራት የሚሆን አልጋ አሠርተን ሳለ እሷ አምስተኛ ሆና መምጣቷን ምእመኑ ሁሉ ያውቃል። ከአንድ ዓመቷ ጀምሮ የምጠራት ምራቂ ብዬ ነው። አሁን ሃያ ስድስት ሆኗታል፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

እህት ገነት አልሳቀችም። «አምስተኛዋም አልተረሳችም» አለችና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈች።

ድንቢጦቹ የመጡት በዚያ እሑድ አዳራሹ ውስጥ ለነበረ ሰው በሙሉ ነው። በየሰዉ ጣሪያ ላይ አርፈው በቆርቆሮው ሸንተረር ልክ ተሰለፉ፤ ለመቁጠር ምቹ ነበሩ። ባለቤታቸው ሲወጣ ተከትለውት ይወጣሉ፤ ሱቅ ሲገባ የመብራት ሽቦ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። እስከ ረቡዕ አሠራራቸው ታወቀ። አንድ ሰው የሚኖሩት ድንቢጦች ራሱን በሚገምተው ልክ ናቸው። የመዘምራኑ መሪ ሰባት ሺህ አርባ ነበሩት፤ የቤቱ ማገር ተሰነጠቀ። የመጋቢያችን ቁጥር እሑድ ከስብከት በኋላ ይጨምርና ማክሰኞ ይቀንሳል። የጸሎት ቤቱ ዘበኛ ሦስት ብቻ ነበሩት፤ ሦስቱም ወፍራም ነበሩ።

ሐሙስ አንድ የቀበሌ ሠራተኛ ቅጽ ይዞ መጣ። የእኔን አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ የባለቤቴን የአየለችን ሁለት መቶ ስድስት መዘገበ። ከዚያ ወደ ድንቅነሽ ዞረ።

«የአንቺስ?»

«የለኝም።»

«ሰረዝ ላድርግ ወይስ ዜሮ ልጻፍ?»

«እንደሚመችህ» አለችው። ሰረዝ አደረገ።

ይህ ነገር ጊዜውን አልጠበቀም ነበር። መርክነህ የተባለ ብሎኬት አምራች ድንቅነሽን ለጋብቻ ጠይቆ፣ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ የቀራቸው ሃያ ሦስት ቀን ነው። መርክነህ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ሲገባ ጫማውን ይጠርጋል። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ድንቢጥ ነበሩት፤ የሚመገቡትም በእኔ ግቢ ነበር። ዐርብ ከሥራ በኋላ ሱቄ ድረስ መጣ።

«ጋሽ ላምቦሬ፣ አይቀየሙኝ፤ እርስዎም ነጋዴ ነዎት። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ከሰረዝ ጋር ሲጋባ ልዩነቱን ማን ይሞላዋል?»

«ምን ፈለግክ?»

«ሥራዋን ትልቀቅ። ከመዘምራኑ ትውጣ። ስልኳ እኔ ጋ ይቀመጥ። ሌላ አልጠይቅም።»

ቤት ሄጄ ለድንቅነሽ ነገርኳት።

«እሺ» አለች።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም። እኔን የሚወስድ ሲገኝ ደግሞ ልከራከር?»

በአርባ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከራከር የሸጠ ሰው አላየሁም። የሰረቀ ሰው እንኳ ይከራከራል። አሳሰበኝ። ባለቤቴ አየለች በመስኮት ሆና ስትሰማ ነበር።

«አንተ ወፍ ቁጠር» አለችኝ። «ቆጥረህ ስትጨርስ ልጅህ ሄዳለች።»

መጀመሪያ የወሰድኩት እርምጃ ማካፈል ነበር። ከእኔ ድንቢጦች አራት መቶውን በተበሳሳ ጆንያ ይዤ ድንቅነሽ መስኮት ሥር ፈታኋቸው። እኔ ሱቄ ሳልደርስ እነሱ ሽቦው ላይ ነበሩ። ሁለተኛ ወደ መዘምራኑ መሪ ሄጄ መቶ ብቻ እንዲሸጥልኝ ጠየቅኩት። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «የሚተርፈኝ የለም» አለኝ።

ሦስተኛ ወደ እህት ገነት ሄድኩ። ጓሮዋ ውስጥ ሽንኩርት ትኮተኩት ነበር።

«ልጅቱን ምን ብለው ነው የሚጠሯት?» አለችኝ።

«ያው ሰምተሻል። ጨዋታ ነው።»

«ስንት ጊዜ ተጫወቱ?»

በቀን ሦስት ጊዜ ቢባል፣ በሃያ አምስት ዓመት ሃያ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ አምስት ይመጣል። ነገርኳት። መኮትኮቻዋን አስቀመጠች።

«አንድ ሰው ሱቅዎ መጥቶ አንድን ጆንያ ሃያ ሰባት ሺህ ጊዜ ባዶ ነው ቢልዎት፣ በስንተኛው ከሚዛን ላይ ያወርዱታል?»

«መዝኜ ነው የማወርደው።»

«እሷን መቼ መዘኗት?»

 ወደ ቤት ሄጄ ድንቅነሽን ይቅርታ ጠየቅኳት። ወዲያው «ምንም አይደለም፣ አባዬ» አለች። ወጥቼ ጣሪያውን አየሁ። ምንም አልመጣም። ተመልሼ ለእህት ገነት ሪፖርት አደረግኩ።

«በአንድ ደቂቃ የተሰጠ ይቅርታ ነው የተቀበሉት» አለችኝ። «ቁስሉን ሳታሳይዎት ፋሻ ሰጠችዎት። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ፋሻ ብዙ ፈትቻለሁ። ይሂዱና ትንገርዎት። እርስዎ አይመልሱ።»

በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘን ውስጥ በሁለት የስንዴ ጆንያ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን።  ስለ ሰባተኛ ክፍል ነገረችኝ። ከክፍሉ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ይዛ ስትመጣ እንግዳ ነበረኝ። «አየህ፣ ምራቂው ከዋናው በለጠ» አልኩት። ሌላ ነገር እስክናገር በር ላይ ቆማ ጠበቀች። እንግዳው እስኪሄድ ቆማ ነበር።

«ግን እኮ ሙገሳ ነበር» አልኳት።

መጋዘኑ መስኮት ላይ ሁለት አዲስ ድንቢጦች መጥተው ከእኔዎቹ ጋር ተሰለፉ። ቁጥሬ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነ።

እሷም አየቻቸው።   ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስለ ወንድሟ ሠርግ ቀጠለች። መኪናው ሲሞላ «ምራቂ ከላይ ይጫናል» ብዬ ከኪራይ ወንበሮቹ ጋር አይሱዙ ላይ አሳፍሬያታለሁ። የመዘምራን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ሌሎቹ አዳራሽ ገብተው ፎቶ ሲነሡ እሷ ወንበር ታወርድ ነበር። በዚያ ሠርግ ፎቶ ውስጥ የለችም። ይህን አላውቅም ነበር፤ አልበሙን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ከሽቦው ላይ አርባ ድንቢጦች በአንድ ላይ ተነሥተው በስታዲየሙ አቅጣጫ ሄዱ። አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራን። ተራ ነገር ሲሆን አንድ ወፍ ይሄዳል፤ ከባድ ሲሆን ከሃያ እስከ ስልሳ። «ግን» ባልኩ ቁጥር ሁለት ይገቡብኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ አንድ ጊዜ ብያለሁ፤ በሁለተኛው አራት ጊዜ፤ በሦስተኛው አንድም። በታይፎይድ ተኝታ ሳለ ለሐኪሙ «ሌሎች አራት አሉኝ» ማለቴን በነገረችኝ ቀን መቶ አሥር ሄዱ። ለማስታወስ ሞከርኩ፤ የሐኪሙን ሒሳብ ብቻ ነው ያስታወስኩት። እሱን አልተናገርኩም።

ሰዉ ማማት ጀመረ። ጣሪያዬ ሲራቆት ኪሳራ የደረሰብኝ መስሏቸው ሁለት ደንበኞች ዱቤያቸውን ለመክፈል ዘገዩ። የመዘምራኑ መሪ «ጋሽ ላምቦሬ፣ እንጸልይልዎ?» አለኝ። ጸልይ አልኩት።

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻዋ ሄደች። ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። የእኔ ዜሮ፤ የድንቅነሽም ዜሮ። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ካልጨመረ ያ ንግድ አይደለም። ለእህት ገነት ስልክ ደወልኩ።

«አልቋል። ወደ እሷ የሄደ የለም።»

«ማን የእርስዎን ፈለገ?» አለችና ዘጋችው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መርክነህ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ስድስት መቶ አሥራ አንዱ ግቢውን ሞሉት። ታላቁ ሽማግሌ አቶ ኤርጫፎ ከተመረቀና ውኃ ከተጠጣ በኋላ ሦስቱን ቃል ከወረቀት አነበቡ። ሥራ፣ መዝሙር፣ ስልክ።

«እንግዲህ አባትየው ይናገር» አሉ።

«ልጅቱ ትናገር» አልኩ።

«እንዲህ ያለ ወግ አለን?»

«ከዛሬ ጀምሮ አለን።»

አየለች ድንቅነሽን ጠራቻት። ገብታ ጥግ ላይ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጥያቄው ተነገራት። እጇን ታይ ነበር፤ «እሺ» ልትል ነው ብዬ አሰብኩ።

በዚያን ጊዜ አንዲት ድንቢጥ በበሩ ገባች። አልበረረችም፤ በእግሯ ነው የመጣችው። በግቢው ውስጥ የመርክነህ ድንቢጦች ግራና ቀኝ ተከፍለው አሳልፈዋት ነበር። ወለሉን በሠላሳ ሁለት እርምጃ አቋርጣ ድንቅነሽ ጉልበት ላይ ወጣች። በርጩማው ጮኸ።

ድንቅነሽ ቀና አለች።

«አልፈልግም» አለች።

«የቱን?» አሉ አቶ ኤርጫፎ። «ሥራውን፣ መዝሙሩን ወይስ ስልኩን?»

«እሱን።»

መርክነህ ወፊቱን አየ። «በአንዲት ድንቢጥ ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

«ቁጥሯን ማን ጠየቀህ? ይልቅ ወፎችህን ጥራቸው፤ የእናቴን ጎመን ጨረሱት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ኤርጫፎ ወረቀታቸውን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ የጎመኑን ማን ይከፍላል?» አሉ፤ የሳቀ የለም፤ እሳቸውም አልሳቁም። መርክነህ ሲወጣ ጫማውን ጠረገ።

ሲሄዱ ወፊቱን ሱቅ ወስጄ እንድመዝናት ድንቅነሽን አስፈቀድኳት። ፈቀደች። የእህሉ ሚዛን አርባ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አሳየ። ድንቅነሽን መዘንኳት፤ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ከመርክነህ ድንቢጦች ኋላ የቀሩ አሥራ አንድ ነበሩ፤ በአንድ ላይ ሚዛኑ ላይ አቆምኳቸው። መርፌው አልተነቃነቀም።

የመጨረሻው ሒሳብ ይህ ነው። ወጪ፦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድንቢጥ፤ በ«ግን» የተጨመሩት ሰባ ሁለት፤ አንድ አማች፤ ሃያ ከሰዓት በኋላ፤ አንድ የቤት ስም፤ አንድ መደብ ጎመን። ገቢ፦ አንዲት ድንቢጥ፤ እሷም የእኔ አይደለችም። ድንቅነሽ ጠዋት መድኃኒት ቤት ስትሄድ በእግሯ ትከተላታለች።

በየትኛው በኩል እንደሚጻፍ ያላወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ከሰኞ ጀምሮ፣ ሱቄ በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ሌላ ወፍ ትከሻዬ ላይ ትወጣለች። ከየት እንደመጣች አይታወቅም። ጸጉሬን በምንቃሯ አንድ በአንድ እየለየች ቁጥሩን በዝግታ ትናገራለች። የምትቆጥረው እናቴ ትቆጥርበት በነበረው በሐዲይኛ ነው። ራሰ በራ ስለሆንኩ ቶሎ ትጨርሳለች ብዬ ነበር። ትናንት ደንበኛ ገብቶ አንገቴን ሳዞር ቁጥሩ ጠፋባት፤ ሳትቆጣ ከአንድ ጀመረች። አሁን ራሴን ቀጥ አድርጌ ተቀምጫለሁ።