የመቶው ዘይት

ባለሱቁን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቀስ ነው የሚለው፤ ለሁሉም ነገር መልሱ «ቀስ» ስለሆነ። ደንበኛ ስኳር ቢጠይቀው «ቀስ»፣ ሚስቱ ቤቱ ተቃጠለ ብትለው «ቀስ»። እሱ መልስ ቆጥሮ እስኪሰጥ የዕቃው ዋጋ ይጨምራል ይባል ነበር፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ይህ ማጋነን አልነበረም።

ሱቁ ከጫማ ጠጋኙ ፊት ለፊት፣ ጥጉ ላይ የተወሸቀ ነው። ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ሰው ከገባ አንደኛው ትንፋሹን ውጭ አስቀምጦ መግባት አለበት። እዚያ ውስጥ በየወሩ አንዲት ልጅ እግር ሴት ትመጣ ነበር። አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ ታብሌት።

«ጋሼ፣ ዘይት ሊትሩ ስንት ነው? ሳሙናስ?» ትላለች። የነገራትን ትመዘግብና ምንም ሳትገዛ ትሄዳለች። ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እንደሆነች፣ ነገሩ ከግብር ጋር እንደማይገናኝ ምላ ተገዝታ ነግራዋለች። ሚስቱ ግን በሽንኩርት ጆንያው በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

«ሳይገዛ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ግብር ነው» አለችው። የሴትዮዋ ምላስ ብረት ይቆርጣል፤ መጋዝ የተሠራው እሷን አይተው ነው የሚሉ አሉ። «አሳንሰህ ንገራት።»

አሳንሶ መቶ ብር አላት። ያኔ እውነተኛው ዋጋም ከመቶ ብዙ አይርቅም ነበር። ዘይት ግን መሰላል እንዳገኘ ድመት እየወጣ መቶ ስልሳ ደረሰ። ጋሽ ቀስ አንዴ ከአፉ የወጣውን ማንሳት ከበደውና በየወሩ መቶ ማለቱን ቀጠለ። የከተማው ባለሱቅ ሁሉ እንዲህ ያለች ሚስት ሳትኖረው አልቀረችም፤ ከየሱቁ ተሰብስቦ የወጣው አማካይ ቁርጥ መቶ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የምክር ቤት አባላት ሚኒስትሮችን ሲጠይቁ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። የሱቁ ቴሌቪዥን ከመዳፍ አይበልጥም፤ ትልልቆቹ ሰዎች እዚያ ውስጥ የአተር ፍሬ አክለው ይታያሉ። አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ የሆነች የምክር ቤት አባል መነጽሯን አስተካክላ ተነሳች።

«ክቡር የፕላን ሚኒስትር፣ ሪፖርትዎ ዘይት ሊትሩ መቶ ነው ይላል። እኔ ትናንት በመቶ ስልሳ ገዝቻለሁ። ከሁለታችን አንዳችን እዚህ አገር አይደለንም ማለት ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። የፕላን ሚኒስትሩ አልሳቀም። «የተከበሩ አባል፣ እኛ ቁጥር አንፈጥርም። ሄደን እንጠይቃለን። ለምሳሌ ከጫማ ጠጋኙ ፊት ለፊት ያለው የጥግ ሱቅ ዓመቱን ሙሉ በመቶ ነው የሸጠው።»

ጋሽ ቀስ የሚመዝነው ሩዝ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

አስተማሪዋ ወደ ገቢዎች ሚኒስትሩ ዞረች። «እርስዎስ? ዋጋ ካልጨመረ የነጋዴው ግብር ለምን ይጨምራል?»

«ዋጋው ባይጨምርም ሽያጩ ጨምሯል» አለ የገቢዎች ሚኒስትሩ።

አፈ ጉባኤው ሰዓቱን አየ። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ሱቁ ድረስ ሄደን እንየው። ሁለቱም ሚኒስትሮች ይገኛሉ።»

ሚስትየው ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። «ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«መቶ ስልሳ ካልክ የገቢዎቹ ሰውዬ እዚያው ቆሟል። ስታጭበረብረኝ ኖርክ ብሎ የወደኋላውን ግብር ይቆልልብሃል። መቶ ካልክ ደግሞ ዘይቱን በመቶ ይገዙሃል።»

ጋሽ ቀስ መደርደሪያውን አየ። ያላቸው ገንዘብ ሁሉ ዘይት ሆኖ እዚያ ተደርድሯል፤ ከጅምላ አከፋፋዩ የመጣው በመቶ ሃምሳ ነው። ይህ በመቶ ተሽጦ ካለቀ ሱቅ የሚባል ነገር የለም።

«መቶ በል ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለ።

«አሳንስ አልኩህ እንጂ ተኛበት አልኩህ?»

መናደድ ነበረበት፣ መፍራትም ነበረበት፤ ሁለቱንም ፈልጎ አጣቸው። የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆነ።

በማግስቱ መኪኖቹ መጡ። የፊተኛው ደርሶ ሰዎቹ ሲወርዱ የኋለኛው ገና ከምክር ቤቱ ግቢ አልወጣም። ኮሚቴው፣ ጋዜጠኛው፣ ጠባቂው፣ የጠባቂው ጠባቂ ሁሉ ያቺ ሱቅ ውስጥ ልግባ አለ፤ የበሩ መቃን ካልተገነጠለ ተአምር ነው። የፕላን ሚኒስትሩ ባንኮኒው አጠገብ ቆመ። የገቢዎች ሚኒስትሩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሳሙናዎቹን ያያል። አስተማሪዋ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ወንድሜ፣ ዘይት ስንት ነው?»

የፕላን ሚኒስትሩ ላብ በአገጩ በኩል ወርዶ ወለሉን ሊያጥለቀልቅ ምንም አልቀረው። ጋሽ ቀስ አንደበቱ ውስጥ ሁለቱን ዋጋ ፈለገ። የለመደው ቀድሞ ወጣ።

«መቶ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ ነው።»

አስተማሪዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ክፋት አልነበረባትም። «እንግዲያው አምስት ሊትር ስጠኝ።»

ሰጣት። ከኋላዋ አፈ ጉባኤው ተሰለፈ፣ ቀጥሎ ጋዜጠኛው፣ ቀጥሎ ሾፌሮቹ። ወሬው መንገዱን ከመብረቅ ቀድሞ አዳረሰ፤ ከተማው ጀሪካን ይዞ ተነሳ ቢባል ይቀላል። ጫማ ጠጋኙም መዶሻውን ጥሎ መጣ።

«ጋሽ ቀስ፣ እኔ ጎረቤትህ አይደለሁም እንዴ? ትናንት በመቶ ስልሳ ሸጥክልኝ።»

«ዛሬ መቶ ነው» አለ ጋሽ ቀስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ትናንት ምን በድዬህ ነው?»

በዕድሜው ፈጥኖ የማያውቀው ሰውዬ እጁ እንደ ስፌት መኪና ሲሠራ ዋለ። ያነሳል፣ ይሰጣል፣ ይቀበላል። እጆቹ የእሱ አይመስሉትም፤ ቀጥሮ ያመጣቸው ሠራተኞች ናቸው። መደርደሪያው ከላይ ወደ ታች ሲራቆት በዓይኑ ይከተለዋል። ሚስቱ ከጆንያው ላይ ሆና እያንዳንዱ ዘይት በበሩ ሲወጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ኪሳራውን ትቆጥራለች።

የፕላን ሚኒስትሩ አስተማሪዋን በር ላይ ያዛት። «የተከበሩ አባል፣ አዩ?»

«አየሁ» አለች ጀሪካኗን ወደ ሌላው እጇ እያዞረች። «ምን እንዳየሁ ግን አልገባኝም።»

መኪኖቹ ሄዱ። አብረው ከመጡት አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ከገቢዎች ሚኒስትሩ ጋር የመጣው ባለሙያ። ሰልፉን እያየ ይጽፋል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ይጽፋል።

«ወንድሜ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለች ሚስትየው።

«የቀን ሽያጩን ነው እመቤቴ። ክቡር ሚኒስትሩ ሽያጭ ጨምሯል ሲሉ እኔ ራሴ ብዙም አላመንኩም ነበር። እንዲህ የሚሸጥ ሱቅ ግን አይቼ አላውቅም። የዓመቱ ግብር በዚሁ ይሰላል።»

«የዛሬ ብቻ ነው እኮ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ብረት የሚቆርጠው ምላስ ደነዘ። ወደ ባሏ ዞራ፣ «ንገረው እንጂ» አለች። «በኪሳራ ነው የሸጥኩት በለው።»

ባለሙያው ብዕሩን አንስቶ ጠበቀ። «በኪሳራ ነው? ታዲያ የሚገዙት በስንት ነው? እስከ ዛሬስ በስንት ሲሸጡ ነበር?»

ሚስቱ የጋሽ ቀስን ከንፈር፣ ባለሙያው ወረቀቱን ያያሉ። ጋሽ ቀስ ወደ ኋላው ዞረ። መደርደሪያው ላይ የቀረችው አንዲት ሊትር ናት፤ አነሳትና በጨርቅ አቧራዋን ጠረገ።

«በመቶ ነው?» አለ ባለሙያው።

«በመቶ።»

«ከቀረች እኔው ልውሰዳት። ይስጡኝ።»

ገንዘቡን ተቀብሎ መልስ ቆጠረለት፤ ምንም ሳይዘገይ። ከዚያም ወደ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ፣

«ፌስታል ይጨመርልዎት?» አለው።