የዓይኔ ሻጋታ

...የለም አልኩት እኮ፣ ሌላ የምትወስጅው መድኃኒት አለ ወይ ሲለኝ ሐኪሙ፣ የለም፣ እንዲያ ፈጥኜ፣ አማቴ እማማ ማናዬ አጠገቤ ቆመው ሌላ ምን ልበል። አሁን ደጅ ጠብቂ ብሎኛል፣ ከዓይኔ ፍቆ የወሰደውን እያየ ነው። ሻጋታ ይመስላል አለ፣ ሻጋታ፣ ውኃ እንደገባው ሩዝ? ፈንገስ፣ ስድስተኛ ክፍል ሥዕሉን ስያለሁ፣ ከዚያ ዳሩኝ። ብርሃኑ ይወጋኛል፣ የባጃጁ ጡሩንባ ሳይቀር ዓይኔን ነው የሚወጋኝ። ጤነኛ ሰውነት ይመክተዋል፣ አለኝ ሐኪሙ፣ ያንች ለምን እንዲህ በረታ፣ የሚያደክምሽ ነገር ካለ ንገሪኝ፣ አለዚያ ዓይኑ ይጠፋል።

ለምን እንደበረታማ አውቃለሁ። ይችን ትሕትናን አርግዤ ነው ኤችአይቪ አለብሽ ያሉኝ፣ ወረታ ሰው ያውቀናል ብለን ከባሌ ከደሳለው ጋር መድኃኒቱን ሐሙሲት ሄደን ነው የምንወስደው፣ ብልቃጡ የዘሩ ጋን ውስጥ ነው፣ ከተዘራ ወዲያ ባዶ ጋን ማን ይከፍታል ብዬ።

ገለባ ነው፣ ከውድማው ላይ ዓይኔን ቧጨረኝ። ምች ነው አሉ እማማ፣ ዳማከሴ አሸቱኝ። እኔ ደግሞ ተደብቄ ጡቴን አለብኩበት፣ ሦስት ቀን፣ ብሌኔ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ፣ ወተቱ የረጋ መስሎኝ። ለራሴ እሺ። በፊት የጎረቤታችን የእየሩስ ልጅ ዓይኗን ገለባ ሲገባት ግን፣ አራስ አይደለሽ፣ እስቲ አልቢላት፣ ስትለኝ፣ በሽታዬ ቢጋባባትስ ብዬ እምቢ አልኩ። ኧረ ወተት ይነፈጋል፣ አንች፣ ላም እንኳ አትነፍግ! እማማ ማናዬ ከመንሹ ቀና አሉ፣ ተያት፣ ጡቷ ደርቋል። የትሕትና አገጭ በወተት እንደራሰ። ለምን ዋሹልኝ?

ግቢ ይላል ሐኪሙ። እማማ ተነሡ፣ ሊከተሉኝ ነው፣ እዚህ ይቆዩ ልበል፣ ለምን ቢሉኝስ፣ አንድ ዓይን ይበቃኛል፣ አይበቃኝም፣ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነው፣ አንቀልባውን እየፈቱ ነው፣ ልጅቱን ወሰዷት።

ብቻሽን ግቢ፣ አሉኝ በጆሮዬ፣ የጋኑን ንገሪው።

የጋኑን።

ለአዲሱ ዘር ላጥነው ስከፍት አየሁት፣ አሉ እማማ፣ ወንድሜ አዛናውም ያንኑ ክኒን ነው የሚውጥ፣ ይኸው ዓመት ዓመት ያርሳል። ጢሱ እንዳይነካብሽ አውጥቼ መልሼዋለሁ። ሂጅ፣ ምን ትገትሪያለሽ።

ጢሱ እንዳይነካብኝ። በሩ ክፍት ነው፣ ብርሃኑ ይወጋል፣ ይውጋ፣ ሐኪሙ ቀና ይላል፣ ሳይጠይቀኝ፣ አለ እለዋለሁ፣ የምወስደው አለ።