ተጠርጎ የወጣው መስቀል

የመጥረጊያው ጫፍ ነጭ ነበር። ዴልፊና ይህን ያየችው የቆሻሻውን ከረጢት ለመኪናው ሰዎች አቀብላ፣ አመስግና፣ ወደ ቤት ተመልሳ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ ልታቆመው ስትል ነው። የመኪናው ደወል በዚያን ጊዜ ጥጉን ታጥፎ ሄዷል።

ዱቄት ይሆናል ብላ አሰበች። ግን ዱቄት የደፋ ሰው አልነበረም። ቀና ብላ ሳሎኑን አየች። አራቱ ሻማዎች በአራቱ ማዕዘን ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የፈሰሰውን ሰም ፍቃ የመለሰቻቸው ራሷ ናት። በመካከላቸው ያለው ሲሚንቶ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል።

እዚያ ላይ መስቀል ነበር። የእናቷ የዶኛ ማክሎቪያ የሬሳ ሳጥን ያረፈው እዚያ ነው፤ ከሥሩ በኖራ መስቀል ተሠራ፤ ሳጥኑ ወደ መቃብር ሲሄድ ኖራው ቀረ። ዘጠኝ ቀን ይቆያል፤ ማታ ማታ ዙሪያውን ተንበርክከው ይጸልዩበታል፤ በዘጠነኛው ምሽት የመስቀሉ ክርስትና አባት የሚባለው ሰው ኖራውን ሰብስቦ ያነሣዋል፤ በማግሥቱ ወደ መቃብሩ ይወሰዳል። ነፍስ ከቤቷ የምትሰናበተው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ በዚያ ክፍል መጥረጊያ አይገባም። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በሠፈሩ የለም።

ዘጠነኛው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ መለስ ብላ ስታስበው ቀላል ነበር። ስምንት ሌሊት በቅጡ አልተኛችም። ትናንት ማታ ስድሳ ሰው መጥቶ፣ የበቆሎ ሊጡን ታማሌ በልቶ፣ የተጠቀለለበትን የበቆሎ ቅጠል በየወንበሩ ሥር ትቶ፣ ብጫውን አበባ መስቀሉ ላይ በትኖ ሄደ። ጎህ ሲቀድ ወጥ ቤቱን ብቻ ልትጠርግ ተነሣች። ከዚያ ኮሪደሩን። ከዚያ እጇ እሷን ሳይጠይቅ ሳሎን ገባ፤ የአበባውን ክምር ሰበሰበ፤ ከአበባው ሥር ያለውንም ሰበሰበ።

ዴልፊና ክፉ ነገር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት። ልጆቿ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገዩ አውቶቡስ ሥር ናቸው። ባሏ ካሳለ ሳንባው ነው። ስልክ ከጮኸ የሞተ ሰው አለ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ክፉ ነገር አሁን መጣ፤ ያመጣችውም ራሷ ሆነች።

ባሏ ኦዲሎን ጓሮ ነበር፤ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ በሳሙና እንደ ተሸፈነ።

«እናቴን ጣልኳት» አለችው።

«የት?»

«የቆሻሻ መኪና ላይ።»

ምላጩን ይዞ ተከትሏት ገባ። ወለሉን አየ፣ ሻማዎቹን አየ፣ እሷን አየ።

«ጥርግ አርገሽ ነው የጠረግሽው ግን» አለ በመጨረሻ።

ስታለቅስ ሲያይ ደነገጠና ነገሩን ሊያቀል ሞከረ። ለቂጣ የሚሆነውን በቆሎ የምትቀቅልበት ኖራ ወጥ ቤት ሙሉ ጣሳ እንዳለ አስታወሳት፤ ሌላ መስቀል ትሥራ፣ ማን ያውቃል።

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔር ቢያውቅ ለአክስትሽ አይነግርብሽም።»

ወደ ዶን ካሲያኖ ደወለች። ዶን ካሲያኖ የዚያው የቆሻሻ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ከእናቷ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ የመስቀሉ ክርስትና አባትም እሳቸው ናቸው። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሣውም። መኪናው ገደል ገብቶ፣ ጎማው ወደ ሰማይ ሆኖ ሲሽከረከር ታያት። ሁለተኛ ደወለች። በሦስተኛው አንድ ሰው አንሥቶ ዶን ካሲያኖ መሪ ላይ መሆናቸውን ነገራት። ጠዋት የሰጠችው ከረጢት የት እንደ ደረሰ ስትጠይቀው ሰውየው ሳቀ። መጣያው ላይ ተገልብጧል፤ ከሁለት መቶ ቤት ከረጢት ጋር።

ቁጭ አለች። ነፍስ በደንቡ ካልተሰናበተች ምን ትሆናለች? እናቷ በቤቱና በመጣያው መሀል ስትንከራተት፣ የትኛው በር እንደሆነ ጠፍቷት ስትቆም ታያት። በር ጠፍቷት የማያውቅ ሴት።

ማክሎቪያ ከገበያው እስከ ሳን ሚጌል ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ ትጠርግ ነበር። ብርቱካናማ ልብሷን ለብሳ፣ ሁለት በርሜል የተጫነበትን ጋሪ እየገፋች፣ ከንጋቱ በፊት ወጥታ ፀሐይ ሳትከር ትመለሳለች። ዴልፊና አሥራ ስድስት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን አብራት ወጣች። አንዱን ጎን ጨርሰው ሲመለሱ የጠረጉት ሁሉ ዳግመኛ ቆሽሾ ነበር፤ የሐብሐብ ልጣጭ፣ ወረቀት፣ የፈረስ ፋንድያ። ዴልፊናን ሊያስለቅሳት ደረሰ። እንዲህ ያለ ሥራ እብድ አያደርግም ወይ ብላ ጠየቀች።

«‹የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ› ነው የምንለው» አለች እናቷ፤ «የወሩን አላልንም። እንጀራው በየዕለቱ ከመጣ ፍርፋሪውም በየዕለቱ ነው። እሱ በየቀኑ መስጠት ካልታከተው እኔ በየቀኑ መጥረግ ይታክተኛል?»

ይህን ብላ አላበቃችም። ልጅቷ ገና ያላለፉበትን ጥግ በሐሳብ እያየች ፊቷ ሲጠቁር አይታ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቀችባት። «የነገው ቆሻሻ ገና አልወደቀም፤ ምኑን ነው የምትጠርጊው?»

ዴልፊና ነገሩ ገብቷት ነበር። ግን መግባትና መቻል ይለያያሉ።

ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝታ ኖራውን አመጣች። የመጀመሪያው መስቀል አንድ ክንዱ አጠረ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ሁለተኛ ሠራች፤ እሱም ጎበጠ። ሦስተኛው ቀጥ አለ፣ ግን አንዱን መስመር በሌላው ላይ እየደገመች አበዛችው። አበባ በተነችበት። ከዚያ ቁማ ስታየው ሆዷ አልተቀበለውም። ያኛው ኖራ በእናቷ ሥር ያደረ ነው። ይህ የቂጣ ኖራ ነው።

አክስቷ ኦቲሊያ፣ የማክሎቪያ ታናሽ፣ ከፑዌብላ ከተማ በከሰዓቱ አውቶቡስ ደረሰች። ኦቲሊያ ሰው ቤት ስትገባ አስቀድማ የምታየው መጋረጃ ነው፣ ቀጥላ ወለል። የያዘችውን አበባ ሳታስቀምጥ ጎንበስ አለች።

«ይህ መስቀል ወፍሯል» አለች።

«እርጥበት ነው፣ አክስቴ» አለ ኦዲሎን ከወጥ ቤት። «ኖራ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል።»

ኦቲሊያ አንገቷን ነቀነቀች። ዴልፊና ውሸቱ የባሏ ቢሆንም ኃጢአቱ በእሷ ስም እንደሚጻፍ አልተጠራጠረችም።

ማታ ቤቱ ሞላ። ከተለመደው በላይ ሰው መጣ፤ የገበያው ሴቶች፣ የሠፈሩ ሰዎች፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ ብርቱካናማውን ልብስ አውልቀው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተው። ሲያዩዋቸው የማይታወቁ ሰዎች ይመስላሉ። ዶን ካሲያኖ በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ኖራው የሚገባባትን ትንሽ የእንጨት ሳጥን ታቅፈው ገቡ። ዴልፊና ኮሪደሩ ላይ ልትነግራቸው አሰበች። ግን ሰው መጣ፣ ሌላም መጣ፣ ከዚያ ጸሎቱን የሚመሩት ዶኛ ቶማሳ ደረሱና ሁሉም ተነሣ።

ዶኛ ቶማሳ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በዚህ ሠፈር ያልመሩት የሐዘን ጸሎት የለም፤ እሳቸው ፊት በአጋጣሚ ያስነጠሰ ሰው ቶሎ ብሎ ደኅና ነኝ ይላል። ደግፈው አንበረከኳቸው። መቁጠሪያቸውን አወጡ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ከዚያ ጣታቸውን ሰደው ከመስቀሉ እግር ቆንጠር አደረጉና አሹት።

«የዘጠኝ ቀን ኖራ የአበባ ውኃ ጠጥቶ ይጠጥራል» አሉ። «ይህ የዛሬ ነው።»

ኦዲሎን ስለ እርጥበት ሊጀምር ሲል ዴልፊና እጁን ያዘችው። መዋሸት ይቻል ነበር፤ አሮጊቷ አይናቸው ደክሟል፣ ማንም ያምናታል። ግን የሚጸልዩት ለእናቷ ነው። ሰው እንዴት በውሸት ይሰናበታል?

«ጠርጌ ጣልኩት» አለች። «ዛሬ ጠዋት፣ ሳላውቀው። መኪናው ወሰደው።»

ኦቲሊያ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እህቴን? ከሙዝ ልጣጭ ጋር?»

ዴልፊና አንገቷን ደፍታ ስትጠብቅ የዶን ካሲያኖ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየች። አለቀሱ ብላ ልቧ ተሰበረ። ቀና ሲሉ ግን እየሳቁ ነበር፤ እንባቸውም ይፈሳል፤ ሁለቱም በአንድ ፊት።

«ሃያ ስድስት ዓመት ጥጉ ድረስ ብቻ አሳፍረኝ ትለኝ ነበር» አሉ። «ሰው መጫን ክልክል ነው እላታለሁ። አንድም ቀን አላሳፈርኳትም። ይኸው ዛሬ ሳላውቅ ተሳፍራ ሄደች። ደግሞ መጣያውን አትናቁት፤ ግማሹን የሞላችው እሷ ናት።»

ከበስተኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። ከዚያ ሌላው። ኦቲሊያ እንኳ አፏን በመሐረብ ሸፈነች።

ዶኛ ቶማሳ አልሳቁም። እጃቸውን ለዴልፊና ዘርግተው አጠገባቸው አንበረከኳት።

«ልጄ፣ ስትጠርጊ ምን ትያለሽ?»

ዴልፊና ጥያቄው ወዲያው አልገባትም። ለካስ ሁሉም ሰው እንደዚያ አይጠርግም። «አባታችን ሆይ እላለሁ» አለች። «ያለሱ እጄ አይሄድም። እማዬ ናት ያስለመደችን። ከአንዱ በር እስከ ቀጣዩ በር አንድ ጊዜ።»

ከገበያው ሴቶች አንዷ፣ ፍራፍሬ ሻጯ፣ እውነት ነው አለች። በየጠዋቱ በሯ ላይ ትሰማት ነበር። አንድ ቀንማ «በደላችንንም ይቅር በለን» ካለች በኋላ ቆማ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ያ ልጣጭ በእግሩ ነው የሚሄደው?» ብላ ጮኸችባት፤ እሷም አፍራ አነሣች። ማክሎቪያ ምንም እንዳልተፈጠረ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብላ ካቆመችበት ቀጠለች። አሁን ሁሉም የየራሱን ይናገር ጀመር። አንዱን ውሻው ሲያስቀይማት፣ ሌላውን ሲጋራ ሲጥል፣ ሁሉንም በጸሎቱ መሀል ሰድባቸዋለች። አንዱንም ሳትጸልይለት አላለፈችም።

ዶኛ ቶማሳ መቁጠሪያቸውን ወንበሩ ላይ ኳ አደረጉና ጸጥ አሰኟቸው።

«የዛሬ ጠዋቱን ጨረስሽው?»

ዴልፊና አሰበች። ጎንበስ ብላ፣ በሻማዎቹ መሀል፣ በግማሽ እንቅልፍ፤ ከዚያ ደወሉ፤ ከዚያ ከረጢቱን አንሥታ ሩጫ። «አልጨረስኩም። ‹በምድር ትሁን› ላይ ስደርስ መኪናው ደወለ።»

ዴልፊና ፍርዱን ጠበቀች፤ የከፋውን ሁሉ ከነዝርዝሩ አዘጋጅታ ጠበቀች።

«እንግዲያውስ» አሉ ዶኛ ቶማሳ፣ «መስቀሉ ገና በመነሣት ላይ ነው። ጠዋት ጀመርሽው፤ አልቋጨሽውም። እኛም አልዘገየንም። መጥረጊያ አምጪ።»

ደንቡ በአበባ እቅፍ መሰብሰብ ነበር፤ ግን ማንም አልተከራከረም። ዶን ካሲያኖ ሳጥኗን ከፍተው ከመስቀሉ ራስ በኩል ተንበረከኩ። ዴልፊና መጥረጊያውን ያዘች። ከእግሩ ጀመረች፣ በአጫጭሩ፣ ኖራው እንዳይበተን፤ እናቷ ለአቧራ ቀን እንዳስተማረቻት። «የዕለት እንጀራችንን» አለች፤ ቤቱ በሙሉ ተቀብሎ «ስጠን ለዛሬ» አለ፤ ከሁሉም የኦቲሊያ ድምፅ በለጠ። አንዱን ክንድ ሰበሰበች፣ ሌላውን ሰበሰበች። ነገ ምን ይመጣ ይሆን የሚለው ሐሳብ ያን ያህል ጊዜ ጥሏት እንደ ሄደ ያስተዋለችው «አሜን» ሲባል ነው። ወለሉ ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሠርግ መሰለ። ታማሌው አልቆ ሌላ ተጠየቀ፤ ኦዲሎን ዶን ካሲያኖን ለምን እንዳላሳፈሯት ደጋግሞ አስነገራቸው፤ ኦቲሊያ ነገ ሳጥኗ ወደ መቃብር ስትሄድ በቆሻሻው መኪና ትሂድ ብላ ራሷ ሐሳብ አቀረበች፤ ዶን ካሲያኖም ሰው መጫን አሁንም ክልክል ነው አሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ሰዎቹ እየተሳሳሙ ወጡ። ልጆቹ ተኙ።

ስምንት ሌሊት በሩ ሳይቆለፍ አድሯል፤ ነፍሷ እንድትገባና እንድትወጣ ነው ይባላል። ዴልፊና በየምሽቱ ሌባ እየታያት፣ በየጠዋቱ ድስት እየቆጠረች ነው የጠበቀችው። ዛሬ መቆለፍ ይቻላል። ኦዲሎን በይ ዕረፊ አላት።

በሩ ጋ ሄዳ መቀርቀሪያውን ቀስ አድርጋ ገፋች። ልጆቹ እንዳይነቁ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ እጇ ቆመ። እናቷ ለሥራ ስትወጣ ዴልፊና በልጅነቷ ከአልጋ ተነሥታ በሩን ከውስጥ ትዘጋላት ነበር፤ እናቷም የመቀርቀሪያውን ድምፅ ሳትሰማ ከደጅ ንቅንቅ አትልም። ፈሪ ልጇን ባልተቆለፈ ቤት ጥላ አትሄድማ። ድምፁን ስትሰማ ብቻ ነው የጋሪው ጎማ የሚንቀሳቀሰው።

ዴልፊና መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳበችው። ከዚያ ባላት ኃይል፣ እስከ መንገዱ ጥግ እንዲሰማ አድርጋ ቆለፈችው።