ሰማንያ ሴንቲሜትር

ዝናብ ሁለት ዓመት ቀረ። በሦስተኛው ወንዙ አሸዋ ሆነ። ከብት አለቀ፤ ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ ጀሪካን ተኳረፈ። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች፤ ያቺም ግማሹ ሰልፍ ሳይደርሰው ትቆማለች።

ትልቁ ታንከር ጨርሶ ሲደርቅ ቴክኒሻኑ ይጠረግ አለ። ጠራጊዋ ወደ ውስጥ ወረደች። እሱ ፓምፕ ቤት ገብቶ አሮጌውን ኮምፒውተር ከፈተ። ስክሪኑ «ውሃ፦ 80 ሴንቲሜትር» አለ።

በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ከታች ውሃ ቀርቷል እንዴ?»

«አቧራ ነው ያለው! ዋና ካማረዎት ሌላ ቦታ ይፈልጉ!»

ክው አለ። ይህችን ሰማንያ ያውቃታል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፓምፑ በባዶ ታንከር ሲዞር ተቃጥሏል። ተረኛው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነበር። የውሃ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ «ከሃምሳ ሲወርድ አጥፋ ተባልኩ፤ ስክሪኑ ሰማንያ ይላል» አለ። ግን ፓምፑ ሲቃጠል መብራቱንም አጥፍቶት ነበር፤ መብራቱ እስኪመለስ ታንከሩ ውሃ ስለያዘ ያለውን ማጣራት አልተቻለም። ኮሚቴው ቴክኒሻኑን ጠየቀ።

«ኮምፒውተር አይዋሽም» አለ። ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ነው።

ሰውየው ተኝቶ ነው ተብሎ ተባረረ። ስሙም «እንቅልፌ» ሆኖ ቀረ። ለአዲሱ ፓምፕ ውሃ ሲጎድል በራሱ የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ኳስ ስለተገጠመለት፣ ከዚያ ወዲህ ስክሪኑን ልብ ያለው የለም።

ቴክኒሻኑ ፕሮግራሙን ከፈተ። ቤዚክ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፦ የውሃውን ከፍታ ከሚለካው ሴንሰር የመጣውን ቁጥር በ400 አባዛ፣ ለ1000 አካፍል። 400 የታንከሩ ቁመት ነው፤ 1000 ታንከሩ ሲሞላ ሴንሰሩ የሚልከው ቁጥር። የሞከራት ታንከሩ ሞልቶ በነበረ ቀን ነው። ልክ 400 አለች፤ ደስ ብሎት ቤቱ ገባ። በባዶ አልሞከራትም። ለሙከራ ብሎ የሰው ውሃ ማን ይደፋል?

ሴንሰሩ ግን ባዶም ላይ 200 ይልካል። ዜሮ የሚልከው ሽቦው ሲበጠስ ብቻ ነው። 200 በ400 ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል ሰማንያ።

መጀመሪያ 200 እንዲቀንስ፣ የቀረውን በ400 አባዝቶ ለ800 እንዲያካፍል አደረገ። ስክሪኑ ዜሮ አለ። ይኸው ነው፤ ደቂቃ አልፈጀም።

ጡረታው አራት ወር ቀርቶታል። ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም። ቁጭ ብሎ ስክሪኑን አየው።

«ያበጠው ይፈንዳ» አለና ወረቀት አውጥቶ ስህተቱን በሁለት ቅጂ ጻፈ። አንዱን ለውሃ ቢሮው ሰጠ። ሁለተኛውን ይዞ በውሃው ቀን ወደ ቧንቧው ሄደ።

ሽማግሌው ከሰልፉ ጫፍ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ያለችው ሴት ትስቃለች።

«እንቅልፌ፣ ተራህ ሲደርስ እንቀሰቅስሃለን!»

ቴክኒሻኑ ሰልፉ ፊት ቆሞ አነበበ። «ፓምፑን ያቃጠለው የእኔ ስህተት ነው። ተረኛው ነቅቶ ነበር። ኮሚቴው ፊት የተናገረውም እውነት ነው።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ስንት ነበር ያልኩህ?»

«ሰማንያ፣ ጋሼ።»

«ጮክ በል።»

«ሰማንያ!»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ሴትየዋ ጀሪካኗን ወደ ጎን ጎተተች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እናቱ ባወጣችለት ስም ጠርታ «ከፊቴ ይግቡ» አለችው።